የወንድሜ ጉንጭ አብጧል፤ ሰኞ ድረስ ይቆይ ይሆን?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እንደምን ነዎት? ወንድሜ በታች በኩል ያለው የመጨረሻው መንጋጋ ጥርሱ ሳምንቱን ሙሉ ሲያመው ከረመ። ትናንት ማታ ህመሙ በድንገት ተወውና እፎይ አልን። ዛሬ ጠዋት ግን ጉንጩ አብጦ ተነሳ። ቤት ውስጥ ከሌላ ጊዜ የተረፈ አሞክሲሲሊን ስለነበር ሁለት ፍሬ ዋጠ። ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ የጥርስ ሐኪሙ የሚገባው ሰኞ ነው። እንጠብቅ ወይስ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል እንውሰደው? እናታችን ደግሞ «እብጠቱ ሳይጎድል ጥርስ አይነካም» ትላለች። እግረ መንገድዎን የትኛው የጥርስ ችግር አስቸኳይ እንደሆነ፣ የትኛው ደግሞ ማደር እንደሚችል ቢነግሩን። ሁለት ትንንሽ ልጆች ስላሉኝ ለነሱም ይጠቅመኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ ሌላውን ከማንበብሽ በፊት ወንድምሽን ብርሃን ያለበት ቦታ አስቀምጪና ደህና አድርገሽ እዪው።

መጀመሪያ ምራቁን ይዋጥ። በቀላሉ ወረደለት ወይስ ተቸገረ? መዋጥ አቅቶት ምራቁ በከንፈሩ እየወረደ ከሆነ ትልቅ ምልክት ነው። ከዚያ ያናግርሽ። ድምፁ ታፍኖ፣ አፉ ሞልቶ የሚያወራ ይመስላል? ቀጥሎ አፉን ይክፈት። አብዛኛው ጤነኛ አዋቂ ሦስት ጣቱን ደራርቦ በላይኛውና በታችኛው የፊት ጥርሶቹ መካከል ማስገባት ይችላል። የወንድምሽ አፍ አንድ ጣት ብቻ የሚያስገባ ከሆነ ችግሩ የማኘኪያ ጡንቻዎቹ ጋ ደርሷል ማለት ነው። ምላሱንም ወደ ላይ ያንሳ። ከምላስ ስር ያለው ቦታ ለስላሳ መሆን አለበት። ከጠጠረ፣ ካበጠና ምላሱን ወደ ላይ ከገፋው አደገኛ ነው። በመጨረሻ ከመንጋጋ አጥንቱ በታች፣ አገጩ ስርና አንገቱን በጣትሽ ዳብሺው። የጠነከረ፣ የሚያቃጥልና ሲነካ የሚያም እብጠት አለ? ሙቀቱንም ለኪው። 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ብርድ ብርድ ካለው፣ ወይም ከወትሮው ደንዘዝ ካለብሽ ይቆጠራል።

ከነዚህ አንዱ እንኳ ካለ ንባቡን ትተሽ ተነሺ። አሁኑኑ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰጂው። መተንፈስ ከከበደው አምቡላንስ ጥሪ። በጀርባው አታስተኚው። ቁጭ ብሎ፣ ወደ ፊት ዘንበል ብሎ ይሂድ። የሚበላና የሚጠጣ ነገርም አትስጪው፤ ሙሉ ማደንዘዣ ሊያስፈልገው ይችላል።

አንዱም ከሌለ፣ ማለትም እብጠቱ ጉንጩ ላይ ብቻ ከሆነና እንደ ልቡ የሚውጥና የሚናገር ከሆነ፣ ለጊዜው ድንገተኛ ክፍል መሮጥ ላያስፈልግ ይችላል። ሰኞ ድረስ ግን አይቆይም። ዛሬ፣ ካልተቻለ ነገ ጠዋት፣ የጥርስ ሐኪም ሊያየው ይገባል። እስከዚያም በየሁለት ሦስት ሰዓቱ አሁን ያደረግሽውን ምርመራ ድገሚው። ሌሊቱንም ጨምሮ። የእብጠቱን ጠርዝ በእስክሪብቶ ቆዳው ላይ አስምሪበት። መስመሩን አልፎ ከሄደ እየሰፋ ነው፤ ያኔ ክሊኒክ ሳትፈልጊ በቀጥታ ሆስፒታል ነው።

ለምን እንዲህ አጥብቄ እንደምናገር ላስረዳሽ። ሰው የጥርስን አጣዳፊነት የሚለካው በህመሙ ነው። ብዙዎችን ጉድ የሚሠራው ይኸው ነው። በእርግጥ የጥርስ ህመም እንቅልፍ ይነሳል፣ ያስለቅሳል። ግን ከባድ ህመም ብቻውን፣ እብጠትና ትኩሳት ሳይኖረው፣ የሰው ሕይወት አያጠፋም። ሕይወት የሚያጠፋው ኢንፌክሽኑ ሲሰራጭ ነው። እሱ ደግሞ አንዳንዴ ብዙም ሳያም ይሄዳል።

የወንድምሽ ህመም በድንገት መተዉ መዳን አልነበረም። ጥርስ ውስጥ ነርቭና ደም ስር የያዘ ለስላሳ ክፍል አለ። ዙሪያው ጠንካራ ግድግዳ ስለሆነ ሲቆጣ የሚያብጥበት ቦታ የለውም። ግፊቱ እዚያው ይታመቃል፤ ለዚህ ነው ሳምንቱን ሙሉ ያሰቃየው፣ ለዚህም ነው የጥርስ ህመም ጋደም ሲሉ የሚብሰው። በመጨረሻ ያ ክፍል ይሞታል። የሞተ ነርቭ አያምም። ባክቴሪያው ግን አልሞተም። በጥርሱ ስር ጫፍ በኩል ወጥቶ አጥንት ውስጥ መግል ይሠራል፣ አጥንቱን በስቶም ወደ ጉንጭ ወይም ወደ አንገት ይወጣል። ህመም ጠፍቶ በማግስቱ እብጠት ሲመጣ ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው። ጥርሱ በግማሽ ብቻ የበቀለ ከሆነ ደግሞ ምንጩ ላዩን የሸፈነው ድድ ሊሆን ይችላል። ከድዱ ስር ምግብ እየገባ ይቆጣል፣ ይመግላል።

የትኛው ጥርስ እንደሆነም ልዩነት አለው። በታች በኩል ያሉት የመጨረሻዎቹ መንጋጋ ጥርሶች ስራቸው ወደ ታች ጠልቆ ይገባል። ጫፉ የአፍን ወለል ከያዘው ጡንቻ በታች ይወርዳል። ስለዚህ ከነሱ የወጣ መግል አፍ ውስጥ ከመፍሰስ ይልቅ ከመንጋጋ ስር ወዳለው ባዶ ቦታ መሄድ ይቀናዋል። ከዚያ ወደ አንገት መንገዱ ክፍት ነው። የምላስ ስርና የአገጭ ስር በሁለቱም በኩል ሲያብጥ ምላስ ወደ ኋላ ተገፍቶ የአየር መተላለፊያውን ይዘጋል። ይህን በሽታ በ1836 እ.ኤ.አ. የገለጸው ጀርመናዊው ሐኪም ቪልሄልም ፍሪድሪሽ ፎን ሉድቪግ ነው። ዛሬ መድኃኒቱም ቀዶ ጥገናውም አለ። አሁንም ግን በሰዓታት ውስጥ ሊብስ ይችላል። ከላይኛው ጥርስ የተነሳ እብጠት ደግሞ ወደ ዓይን ሊወጣ ይችላል። የዓይን ቆብ አብጦ ከተከደነ፣ ዓይኑ ሲንቀሳቀስ ካመመ ወይም እይታው ከደበዘዘ እሱም ቀጥታ ሆስፒታል ነው።

አሁን ወደ አሞክሲሲሊኑ። ከሌላ ጊዜ የተረፈ መድኃኒት መዋጥ አልወድም። መጠኑ አይበቃም፣ ጊዜው ሊያልፍ ይችላል፣ የፔኒሲሊን ወገን ስለሆነም ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው በእሱ ብቻ ሊሞት ይችላል። ከሁሉም በላይ ግን ውሸታም እፎይታ ይሰጣል። መግል ባለበት ቦታ ደም በደንብ አይደርስም፤ ደም ካልደረሰ መድኃኒቱም አይደርስም። የሞተው ነርቭ ያለበት ቦይ ውስጥማ ጭራሹን አይገባም። እሾሁ እግር ውስጥ እያለ ቁስሉን ቅባት እንደመቀባት ነው። እብጠቱ ጥቂት ይቀንሳል፣ ሰውየው ዳንኩ ብሎ ቀጠሮውን ይተወዋል፣ ከሳምንታት በኋላ ብሶበት ይመጣል።

ይህ የእኔ አቋም ብቻ አይደለም። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ የጥርስ ህክምናው ወዲያው የሚገኝ ከሆነ፣ ጤነኛ የሆነ አዋቂ ለጥርስ ህመምም ሆነ በአንድ ቦታ ለተወሰነ መግል አንቲባዮቲክ እንዳይታዘዝለት ይመክራል። ህክምናው መሆን ያለበት ጥርሱን መክፈት፣ መግሉን ማፍሰስ ወይም መንቀል ነው። ትኩሳት ካለ፣ እብጠቱ እየሰፋ ከሄደ ወይም መግል ኖሮ የጥርስ ሐኪም ዛሬ የማይገኝ ከሆነ ግን አንቲባዮቲክ ቦታ አለው። ወንድምሽ ከነዚህ ሦስቱ የመጨረሻው ውስጥ ሊገባ ይችላል። ያንን የሚወስነው ግን ያየው ሐኪም ነው፤ አጠቃላይ ሐኪምም ሊያዝለት ይችላል። ሁለት ፍሬ መዋጡን ከነሰዓቱ ይንገረው። መደበቅ አያስፈልግም፣ ማንም አይቆጣውም።

እናታችሁ የሚሉትን ብዙ ሰው ይለዋል። እብጠቱ ሳይጎድል ጥርስ አይነካም የሚባለው ከምንም የመጣ አይደለም። የተቆጣ ስጋ አሲድነቱ ስለሚጨምር ማደንዘዣው እዚያ ላይ ሲወጋ ጉልበቱ ይቀንሳል። አፍ በደንብ የማይከፈት ከሆነም ሥራው ያስቸግራል። ግን ይህ የሐኪሙ ችግር ነው፣ መፍትሔም አለው። ለታችኛው መንጋጋ መርፌው የሚወጋው ከእብጠቱ ራቅ ብሎ፣ ነርቩ ወደ መንጋጋው አጥንት ከሚገባበት ቦታ ነው። ካልበቃ ይጨመራል። ካልሆነም ሆስፒታል ውስጥ በሙሉ ማደንዘዣ ይሠራል። መግል በቶሎ ሲወጣ በሽተኛው ቶሎ ያገግማል። እናትየውን በአክብሮት እንዲህ በያቸው፦ የሚጎድለው እኮ ሲነካ ነው።

የት ትሄዳላችሁ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ጊዜውን ያባክናል። የአብዛኛው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል የጥርስ ወንበርም የጥርስ ሐኪምም የለውም። ህመም ማስታገሻ፣ በደም ስር አንቲባዮቲክና የአየር መተላለፊያ እርዳታ ይሰጣል። ሕይወት አስጊ ለሆነ ነገር ትክክለኛው ቦታ እሱ ነው። ለተቦረቦረና እብጠት ለሌለው ጥርስ ግን ሌሊቱን ሙሉ ተሰልፈሽ ማስታገሻ ይዘሽ ትመለሻለሽ። በሌላ በኩል የጥርስ ክሊኒክ መዋጥ ያቃተውን ሰው ማከም አይችልም። የጥርስ ሕክምና የሚያስተምሩ ዩኒቨርሲቲዎች ሆስፒታሎች ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ይይዛሉ። የአፍና የመንጋጋ ቀዶ ሐኪም ያላቸው ትልልቅ ሆስፒታሎችም እንዲሁ። ከመሄድሽ በፊት ደውለሽ «የአፍና የመንጋጋ ቀዶ ሐኪም ተረኛ አለ?» ብለሽ ጠይቂ። አደገኛ ምልክት ካለ ግን ለመደወል አትቆዪ፤ የቀረበው ሆስፒታል ይሻላል።

ክሊኒክ ስትደውዪ አነጋገርሽ ወረፋውን ይለውጠዋል። «ወንድሜን ጥርሱን አሞት ነበር» ካልሽ እንግዳ ተቀባይዋ የሚቀጥለውን ክፍት ቀን ትሰጥሻለች። ጥፋቷ አይደለም፣ የሚደውለው ሁሉ እንዲያ ነው የሚላት። ይልቅ ይህን በያት፦ «ፊቱ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ አብጧል፣ በታች በኩል የመጨረሻው መንጋጋ ጥርሱ ነው፣ ሙቀቱ ይህን ያህል ነው፣ አፉ ይህን ያህል ይከፈታል፣ ዛሬ ሊታይ ይገባል።» ስኳር ካለበት፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ወይም የሰውነቱን መከላከያ የሚያዳክም ህክምና ላይ ካለ እሱንም ጨምሪ። ለእነዚህ ሰዎች ትንሽ እብጠትም ትልቅ ነው። ቦታ የለም ካለችሽ በስልክ ተሰናብተሽ አትቅሪ። «እናንተ ካልቻላችሁ አሁን የሚያየው ማን አለ?» በያት። ሐኪሞች እርስ በርስ ይተዋወቃሉ። ብዙ ክሊኒክ ጠዋት ለድንገተኛ የሚተወው ሰዓት ስላለው በሩ ሲከፈት መድረስም ይረዳል።

እስከዚያው ለህመሙ፣ የሚችል ሰው ከሆነ፣ አይቡፕሮፌን 400 ሚሊግራም ከምግብ ጋር፣ ከፓራሲታሞል ጋር አብሮ ቢወስድ ሁለቱ ተረዳድተው ከየብቻቸው በተሻለ ይሠራሉ። ፓራሲታሞሉ 500 ወይም 1000 ሚሊግራም፣ በየስድስት ሰዓቱ። በ24 ሰዓት ውስጥ ፓራሲታሞል ከ4000፣ አይቡፕሮፌን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከ1200 ሚሊግራም እንዳያልፍ። ህመሙ ስለጠና መጠኑን ደራርቦ የሚውጥ ሰው ጉበቱን ይጎዳል፣ እባክሽ ይህን ተከታተዪ። የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ችግር፣ በአስፕሪን የሚነሳ አስም ያለበት፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ወይም ነፍሰ ጡር የሆነች ሰው አይቡፕሮፌኑን ትታ ፓራሲታሞሉን ብቻ ትያዝ። ለልጆች መጠኑ በኪሎ ነው፤ የአዋቂውን ቆርሰሽ አትስጪ። አስፕሪን ደግሞ ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም።

አስፕሪን ድድ ላይ መለጠፍ ድዱን ያቃጥለዋል፣ ህመም ላይ ቁስል ይጨምራል። እብጠቱን በመርፌ መብሳት፣ በውጭ በኩል በሙቅ ነገር መተኮስም ይቅር። ለብ ባለ የጨው ውሃ ቀስ ብሎ መጉመጥመጥ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ጉንጭ ላይ ለ10 ደቂቃ ያህል መያዝ፣ ሲተኙ ጭንቅላትን በትራስ ከፍ ማድረግ ይጠቅማል። ብዙ ውሃ ይጠጣ።

ስለ ልጆችሽም ስለጠየቅሽ፣ ከጥርስ ድንገተኛ ነገሮች ሁሉ በደቂቃ የሚቆጠረው አንድ ነው፦ ከነስሩ የወለቀ ቋሚ ጥርስ። ልጅ ወድቆ የፊት ጥርሱ ሙሉ በሙሉ ከወለቀ መልሶ ሊተከል ይችላል። የሚተክለው የመጀመሪያው ሰው ደግሞ አንቺ ነሽ። ጥርሱን ፈልጊና ነጩን፣ የሚታየውን ክፍል ያዢ። ስሩን አትንኪው። ስሩ ላይ ቀጭን የስጋ ሽፋን አለ፤ ጥርሱ አጥንቱን መልሶ የሚይዘው በእሱ ሕይወት ነው። ቆሽሾ ከሆነ በወተት ወይም በቀዝቃዛ ውሃ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ አለቅልቂው። በሳሙና፣ በጨርቅ፣ በብሩሽ እንዳትነኪው። ከጎኑ ያለውን ጥርስ አይተሽ ፊትና ጀርባውን ለዪ፣ ወደ ቦታው ቀስ ብለሽ ግፊው። ሲገባ ይሰማሻል። ከዚያ ልጁ ንጹህ መሐረብ ነክሶ እንዲይዘው አድርገሽ ወደ ጥርስ ሐኪም ብረሩ።

መትከል ካልደፈርሽ ወተት ውስጥ ጨምረሽ ውሰጂው። ወተት ከሌለ ልጁ ዕቃ ውስጥ ምራቁን ይትፋና ጥርሱ እሱ ውስጥ ይሁን። ተራ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ የስሩን ህዋሳት ያፈነዳል፤ በደረቅ ሶፍት መጠቅለል ደግሞ ከዚያም ይከፋል። በደረቁ አንድ ሰዓት ካለፈ የስሩ ህዋሳት አብዛኞቹ ሞተዋል። ቢዘገይም ግን ጥርሱን አትጣዪው፣ ይዘሽው ሂጂ። ልጁ ራሱን ስቶ ከነበረ፣ ካስመለሰው ወይም ግራ ከተጋባ ጥርሱ ሁለተኛ ነው፤ ሆስፒታል ይቅደም።

የወተት ጥርስ ግን አይመለስም። መልሶ መትከሉ ከስሩ የሚያድገውን ቋሚ ጥርስ ሊጎዳ ይችላል። የፊት ቋሚዎቹ የሚወጡት ከ6 እስከ 9 ዓመት አካባቢ ስለሆነ የልጆችሽን ዕድሜ አስታውሺ። ቢሆንም ልጁን ለሐኪም አሳዪው።

ሌሎቹን ባጭሩ። የተሰበረ ጥርስ መሃሉ ላይ ቀይ ነጥብ ወይም ደም ከታየ ነርቩ ተጋልጧል፤ በዚያው ቀን ይታይ፣ ስባሪውንም ወተት ውስጥ ይዘሽ ሂጂ። ከተነቀለ በኋላ የሚደማ ቦታ ላይ ንጹህ ጎዝ አጥፎ አጥብቆ መንከስ ነው፣ 30 ደቂቃ ሙሉ፣ መሃል ላይ ከፍቶ ሳያዩ። ሰው የሚሳሳተው በየደቂቃው እያነሳ ስለሚያይ ነው፤ የረጋውን ደም አብሮ ያነሳዋል። ከዚያ በኋላም ካላቆመ ድንገተኛ ነው። ከተነቀለ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ወደ ጆሮ የሚወጣ ከባድ ህመምና መጥፎ ጠረን ከመጣ የረጋው ደም ወጥቶ አጥንቱ ተጋልጦ ይሆናል። አደገኛ አይደለም፣ ግን ሐኪሙ አጥቦ መድኃኒት ሲያደርግበት በፍጥነት ይሻለዋል። የወደቀ ሙሌት፣ ህመም የሌለው ስንጣሪ፣ የተነቀነቀ ብሬስ (የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ) ሁሉም ማደር ይችላሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። በዕድሜ የገፋ ሰው መንጋጋውን አመመኝ ሲል፣ በተለይ ሲራመድ የሚነሳና ሲያርፍ የሚተው ከሆነ፣ ወይም ደረቱ ከከበደውና ካላበው፣ ጥርስ ብለሽ አትለፊው። ልብ ሊሆን ስለሚችል ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ወንድምሽ ዛሬ ወይም ነገ ሲታይ ራጅ ይነሳል። ከዚያ ሐኪሙ ጥርሱን ከላይ ከፍቶ ወይም ድዱን በትንሹ ሰንጥቆ መግሉን ያወጣል። ሰዎች ወንበሩ ላይ እንዳሉ ግፊቱ ሲለቃቸው ትከሻቸው ሲወርድ አያለሁ፤ ከዚህ ሥራ የምወደው ሰዓት ነው። ጥርሱ የግድ ይነቀላል ማለትም አይደለም። ግድግዳው ደህና ከሆነ ቦዩ ተጠርጎ፣ ተሞልቶ ለብዙ ዓመት ሊያገለግል ይችላል። የመጨረሻው መንጋጋ ጥርስ ከሆነና በደንብ ካልበቀለ ግን መንቀሉ ብዙ ጊዜ ይመረጣል። መግሉ ከወጣ በኋላ እብጠቱ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ እየጎደለ መሄድ አለበት። ካልጎደለ ወይም ከላይ ከነገርኩሽ ምልክቶች አንዱ ከመጣ ሌሊትም ቢሆን ትመለሳላችሁ። ጥርሱን ለመጨረስ የሚቀጥለውን ቀጠሮ ሳይዝ ደግሞ ከክሊኒኩ እንዳይወጣ።